የአባባ ጆሮ

ማክሰኞ

የአባባን ጭራ ቀሟቸው። ኤርፖርት ላይ ያለችው ልጅ ጓንት አጥልቃ ገለባበጠችውና የእንስሳ ፀጉር አይገባም አለች። አባባ «ምን አለች?» ሲሉኝ «ይታጠብ ነው የምትለው» ብዬ ዋሸሁ። ከጎንደር እስራኤል ሲገቡ እንኳ ማንም ያልነካባቸውን የቄስ ጭራ!

በአማርኛ የምጽፈው ልጄ ኖዓ እንዳታነብብኝ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዕብራይስጥ ከትምህርት ቤት ታውቃለች፤ አማርኛን ግን ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ አያውቀውም። እሁድ ባት ሚጽቫዋ ነው፤ ለኦሪት ትእዛዛት ደረሰች ተብሎ በምኩራብ የሚከበርበት ቀን። አያቴ ካልመረቀኝ ይቅርብኝ ስላለች ነው አባባ ከእስራኤል፣ ከኔታንያ ድረስ የመጡት።

ከኤርፖርት ስንመለስ ለጤፍ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፉትስክሬይ ጎራ አልን። ባለሱቋ ነጩን ጥምጥም ስታይ እየሮጠች ወጥታ ጎንበስ አለች። «ይፍቱኝ አባ!» ቄስ መስለዋት ነው። ቄስ ናቸውም፤ ግን የኛ፣ የቤተ እስራኤል ቄስ። «መስቀል እንኳ የለኝም ልጄ፣ እኔ የአይሁድ ካህን ነኝ። ግን እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሏት። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጤፉን ራሷ ተሸክማ መኪናችን ድረስ አመጣችልን። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይኔን ከበርበሬው ላይ አልነቀልኩም። ምን እንዳሳፈረኝ እንጃ።

ሐሙስ

ዛሬ ያደረግኩትን ሳልጽፍ እህል አይወርድልኝም።

ሐሙስ ጠዋት ኦሪት ይነበባል። ትምህርት ዝግ ስለሆነ ሦስታችንም ከምንኖርበት ሴንት አልባንስ በባቡር ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሄድን። ምኩራቡ ውስጥ ጋባይ የሚሉት ሰው አለ፤ ማን መቼ ኦሪት ፊት እንደሚቆም የሚደለድል። እኔ በልቤ ተራ አስከባሪው እለዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠራው ኮሄን ነው፣ ከአሮን ዘር የተወለደ።

ተራ አስከባሪው ወደ አባባ ጎንበስ ብሎ «ኮሄን?» አላቸው። አባባ «ካህን» ብለው ሰሙ። እና ምን ይበሉ? «አዎን» አሉ።

እኔና ኖዓ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሰማን። በኛ ካህን የሚሆነው ተምሮ፣ ሕዝብ ወዶት፣ የተሾመ ሰው ነው። በነሱ ኮሄን ይወለዳል እንጂ አይሾምም። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አባባ ቀጥ ብለው ወጡ። ሁልጊዜ በዚያ ተራ የሚወጣው ሽማግሌ ግራ ተጋብቶ ተመልሶ ተቀመጠ። እውነቱን ልናገር፣ አባባን እዚያ ቆመው ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ ተራ አስከባሪው መጣ። «ዘሃቫ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ኮሄን አለ እንዴ? ማን አረጋገጠ?» በክፋት አይደለም፤ ሰውየው ሥራው ነው። ግን ይህን የዘር ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከአሮን ይነሣና አባባ ላይ ይደርሳል፤ ከአባባ እኔ ላይ፣ ከእኔ ኖዓ ላይ። ነገ አድጋ እስራኤል ሄጄ ላግባ ስትልም እዚያ ቆሞ ይጠብቃታል።

«የለም የለም» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ እየሳቅኩ። «ጆሯቸው አይሰማም። ገበሬ ነበሩ። ገበሬ ብቻ።»

ኖዓ ቀስ ብላ «ማም!» አለችኝ።

ገበሬም ነበሩ፤ የኛ ቄስ አርሶ ነው የሚበላ። ያቺ «ብቻ» ናት ክህደቷ። አባባ አጠገቤ ቆመው ብስኩት እየበሉ ፈገግ አሉልኝ።

ዓርብ

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዛሬ ኩሽና ውስጥ ኖዓ በዕብራይስጥ ጠየቀቻቸው። «አያቴ፣ አንተ ቄስ ነህ ወይስ ገበሬ ብቻ?»

«ብቻ ያለው ማነው?» አሏት። ልጄ ዞራ አየችኝ። ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። ደግነቱ ሽንኩርት ነበር።

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ወርቄ» አሉ፤ ስሜን ተርጉመው ዘሃቫ ያደረጉኝ እስራኤል ነው። «እዚያ ስንገባ፣ እናንተ ቄሶች አታጋቡም አሉን። ስንቱን ሙሽራ የባረክሁ ሰው፣ ያንቺ ሰርግ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጥሁ። ስምሽን በቅጡ መጥራት ያቃተው ረቢ ባረከሽ። ወንድምሽን ለውትድርና ሲጠሩት ግን ዘርህን አረጋግጥ ያለው የለም። ለመሞት ሙሉ ነን፤ ለመባረክ ነው የምንጎድል።»

«አገሪቱን አይወዷትም እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴት አልወዳት! በየዓመቱ በሲግድ በዓል ተራራ ወጥተን፣ ጾመን፣ ፊታችንን ወደ እሷ አዙረን የለመንናት አገር! ግን እዚያ ያልተቀበሉኝ የማያውቁኝ ናቸው።»

የቀረውን አልተናገሩም። የቀረው እኔ ነኝ።

የእሁዱን ምርቃት ጠየቅኳቸው። «ገበሬ ምን ምርቃት ያውቃል» አሉና የሰንበት ልብሳቸውን ሊለብሱ ገቡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ብዕሬን ላስቀምጥ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም።

እሁድ

ትናንት ሰንበት ስለሆነ አልጻፍኩም። የሚጻፍም አልነበረም፤ «ሰንበት ሰላም» ተባባልን፣ በላን፣ ተኛን።

ዛሬ ጠዋት አባባ ጥምጥማቸውን ሳያደርጉ መጡ። የእኔን የክረምት ኮፍያ ደፍተው፣ ጫፉ ላይ ኳስ ያለበትን፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኖዓ ንግግሯን ስታቀርብ ዓይኗ እሳቸው ላይ ነበር። አሳዘነችኝ።

ከዚያ የእናት ተራ ሆነ። አስተማሪዋን ላመሰግን ነበር የተነሣሁት። ያንን ኮፍያ ሳየው ምስጋናው ጠፋብኝ።

በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ «ሐሙስ ዕለት አባቴ ገበሬ ብቻ ናቸው ብያለሁ። ፈርቼ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። እናንተ የምትሉት ኮሄን አይደሉም፤ የኛ ካህን ናቸው። ረቢ በሌለበት አገር ሰንበትን ጠብቀው ያቆዩልን እሳቸው ናቸው። ጆሯቸውም ደኅና ይሰማል።»

ተራ አስከባሪው ጫማውን አየ።

«ምን አልሽ?» አሉ አባባ ከኋላ፣ በአማርኛ። በአማርኛ ደገምኩት፤ ድምፄ አልወጣ አለ።

«ጮክ በይ እንጂ! ጆሮዬ አይሰማም አይደል?»

ኖዓ ብቻ ሳቀች። «አባቴ ቄስ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ፣ ምኩራቡ አስተጋባ።

አባባ ተነሡ። ከከረጢታቸው ጥምጥሙን አወጡ፤ ለካ ይዘውት ነው የመጡት። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ቀስ ብለው ጠመጠሙ። ከዚያ እጃቸውን ኖዓ ራስ ላይ ጭነው በግዕዝ መረቁ፣ ረጅም ምርቃት። ያ የሐሙሱ ሽማግሌ «አሜን» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ስንወጣ ተራ አስከባሪው፣ ረቢው በዚህ ሳምንት ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩም። አባባ አብሬሽ እገባለሁ ብለዋል።

አሁን ቤት ነን። ኖዓ ኮፍያዬን አድርጋ ትዞራለች።

«ወርቄ፣ ጭራዬ ታጥቦ አላለቀም?» አሉኝ ቅድም።

ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኳቸው።

«ልጅቱ ስትጥለው አይቻለሁ» አሉ። «ዓይኔም ደኅና ነው።»