ሦስት ሳንቲ ሜትር

ውድ እታለም፣

ፀጉር ቤቱ ዛሬ ጭር ብሏል። አንዲት ደንበኛዬ ካስክ ስር ሆና ፀጉሯ እስኪደርቅ አንቀላፍታለች። መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዟል፤ እኔም ግማሽ ህልም ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው በስልክ፣ «ፀጉሬን ያረገፈው መድኃኒት አለቀ። ግን ለሹሩባ ሳይደርስ አንቺም ብትሆኚ እንዳታዪኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። 

ዛሬ እስከ መቼ እንደምጠብቅ ለማወቅ፣ አንቺ ለተማሪዎችሽ እንደምታሳዪው ወረቀት ላይ ላካፍል ተነሣሁ። ጣቴ ቆንጥጦ የሚጎነጉነው ፀጉር ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ 3 × 10⁻² ሜትር። ፀጉር በሰከንድ የሚያድገው ደግሞ 4 × 10⁻⁹ ሜትር ገደማ። ሦስት ለአራት ሲካፈል 0.75። ከዚያ አሥሮቹ አናት ላይ የተቀመጡትን ትንንሽ ቁጥሮች መቀነስ ነበረብኝ፤ እኔ ሆዬ ደመርኳቸው። 10⁻¹¹ መጣልኝ፤ ዓይንሽን ሳትከድኚ ፀጉርሽ አድጎ አለቀ ማለት ነው። እንደተሳሳትኩ ገብቶኛል፤ ግን ደስ ስላለኝ ዝም ብዬ አየሁት። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ፣ ሹሩባሽ ትከሻሽ ላይ ሲወዛወዝ ታየኝ።

ደንበኛዬ ከማንቀላፋቷ በፊት ወረቀቱን አየችና፣ «በዚህ ፍጥነት ቢያድግማ መቀስሽ መች ያርፍ ነበር?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ አስተካከልኩት። ከነጌቲቭ ሁለት ላይ ነጌቲቭ ዘጠኝ ሲቀነስ ሰባት ነው። 0.75 × 10⁷፣ ማለትም 7.5 × 10⁶ ሰከንድ። ይህን ለአንድ ቀን ሰከንዶች፣ ለ8.64 × 10⁴ ሳካፍለው ሰማንያ ሰባት ቀን ሆነ። ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እታለም፣ መልሱ ልክ ነው፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ መጋረጃ ዘግተሽ ብቻሽን ስትቀመጪ እያሰብኩ የሰው ፀጉር ስሠራ መዋል አቃተኝ። ናፍቀሽኛል። ፀጉርሽ አይደለም የናፈቀኝ።

ስለዚህ ቃሌን አጥፌያለሁ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሚዶም መቀስም አልይዝም። ባትከፍቺልኝ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ። ከከፈትሽልኝ ግን መዳፌን አናትሽ ላይ አሳርፋለሁ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሲያድግ በዓይን አይታይም፤ እጅ ግን ያውቀዋል።

በልቧ መንገድ የጀመረችው
ታናሽሽ