ልጄን አስሮ ስላስቀረው የዶክተርነት ትምህርት

ለክቡር አቶ ስማቸው አድማሴ፣ በውጭ አገር የሚማሩ ተማሪዎች ጉዳይ ሹም፣ ልጄ ታስራ ስለመቅረቷ ከማንም አስቀድሜ ለማመሰግንዎ፤
አዲስ አበባ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጄ ሰብሪያ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ካስቀመጡን ቦታ ሳንነቃነቅ ደህና ነን። ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ማኅተም ለምትመታው ቀኝ እጅዎ ዱዓ አደርጋለሁ።

እንደሚያውቁት የሸህ ጠሃ ልጅ ከማሉዲን በፍልስፍና ዶክተር ሊሆን ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት ከልጄ ጋር ኒካህ አሰረ። በእኛ በመካነ ሰላም ደረሳ፣ የመስጊድ ተማሪ ማለቴ ነው፣ ኒካህ ካሰረ በኋላ ሙሽራዪቱን የሚወስደው የጀመረውን ኪታብ ሲጨርስ ነው፤ ኪታብ የመጨረሻ ቅጠል ስላለው ወላጅ አይጨነቅም። እኛም ዶክተርነትን እንደ ኪታብ ቆጥረን፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ይውሰዳት ብለን በሽማግሌ ፊት ተዋዋልን። በ፲፱፻፶፯ የታሰረው ኒካህ ይኸው ፲፱፻፷፭ ገባ።

ማለቂያው የት እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ዘርዝረው ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የገባኝን ያህል ልመልስልዎ።

፩ኛ፤ ፈላስፎቹን በየቋንቋቸው ማንበብ ግዴታ ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ላይ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ መማር ነበረበት። ተማረ፣ ማሻአላህ። በሦስቱም ውስጥ መጣሁ የሚል ቃል የለም መሰለኝ።

፪ኛ፤ ማንም ያልጻፈውን መጻፍ አለበት። አገኘሁ ብሎ እኩሌታውን ከጻፈ በኋላ፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ቀድሞ አሳትሞት ስለተገኘ እንደ አዲስ ጀመረ። በእኛ ዘንድ ደረሳ ሸሁ ያነበቡትን ያንኑ አጥርቶ ካነበበ አዋቂ ይባላል፤ ኋላ ቀር ስለሆንን ነው።

፫ኛ፤ የሚመሩት መምህር በሰባት ዓመት አንዴ ዕረፍት የመውጣት መብት ስላላቸው ወጡ። መሬትም ጦሙን ያድራል፤ አልተቀየምኳቸውም። የሰብሪያም ዕድሜ አብሮ ቢያርፍ ግን በወደድኩ ነበር።

፬ኛ፤ አሁን የሚጽፈው ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ እንደሆነ፣ ጥያቄውም ከጥንት ጀምሮ መልስ እንዳላገኘ ነግረውኛል። በእኔ ቤት መልስ አግኝቷል። ሲጨርስም አምስት መምህራን ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ ከአምስቱ አንዱ ካልወደደለት ይመለሳል፤ ወደ መጽሐፉ እንጂ ወደ እኛ አይደለም።

ሰብሪያ ሠርግ ስትጠራ ከልጃገረዶቹ ጋር እንዳትቀመጥ ባለ ኒካህ ናት፤ ከባለ ትዳሮቹ ጋር እንዳትቀመጥ ቤት የላትም። ስለዚህ ከሰሃን አጣቢዎቹ ጋር ትውላለች። ሴቶቹ የዶክተሩ ሚስት ይሏታል፤ ለአክብሮት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። አምና ከወረኢሉ አንድ የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የመለስኳቸው እኔው ነኝ።

ቃዲያችን ወሬው የጠፋ ባል ቢሆን ኒካሁን ያፈርሱልኝ ነበር። ነገር ግን በየመስከረሙ ከማሉዲን ጠሃ በትምህርት ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀትዎ ይደርሳል። ቃዲው የሚያነቡት ዐረብኛ ነው፤ የሸህ ጠሃም ዓይን ደክሟል። ስለዚህ በስተርጅና ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት እኔ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ቃዲውም ለዒልም፣ ለዕውቀት ማለታቸው ነው፣ የወጣ እንደ ጠፋ አይቆጠርም ይሉና ለከርሞ ያጸኑታል። ፊደል የተማርኩት የአማቼን ደብዳቤ ለልጄ ላነብላት ብዬ ነበር። የእሱ ደብዳቤ ከቀረ ቆየ፤ የእርስዎ አንድም ዓመት አልቀረ። ስለ ትጋትዎ አላህ ይስጥልኝ።

የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብዎ እያልኩ፣ ከነልጄ ካለሁበት ሳልንቀሳቀስ በትሕትና እጅ የምነሳ፣

ወይዘሮ ኑርጃን ጀብሪል
ከመካነ ሰላም

ሳልጽፈው የቀረ፦ የዘንድሮው ወረቀትዎ በደህና ደርሷል። ቃዲው ለፊታችን ሰኞ ጠርተውኛል። እሄዳለሁ፤ ወረቀቱንም ፊታቸው አስቀምጣለሁ። ሚስት አለኝ የሚል ካለ ራሱ መጥቶ ያንብብላቸው። እኔ ከእንግዲህ አላነብም።