ፈረስ የሚፈሩት አብራሪ

ይድረስ ለአባየ፣

እንደምን ከረሙ አልልዎትም። ከተለዩን ዓመት ሊሞላ ነው፤ የኔ ንዴት ግን እስከዛሬ አልበረደም።

በቀብርዎ ዕለት የሆነውን ልንገርዎት። ከአንበሳሜ የሰው ፈረስ አስመጥተው፣ ካባዎን ኮርቻው ላይ ጣል አድርገው ለቅሶው መሀል አዞሩት። አልቃሿ እማማ ስንዱም «ፈረሰኛው» እያለች ሙሾውን አወረደችው። ፈረስ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩትን ሰው። ስለ አውሮፕላኑ አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። አገሬው ገና በበቅሎ ሲሄድ፣ እርስዎ በዚያች ትንሽ አውሮፕላን የጉናን ተራራ በደመና ውስጥ እየገመቱ አልፈው፣ ከብት ተባሮልዎት ሣር ላይ ያርፉ እንደነበር የሚያውቀው ሰው አልቋል። ሜዳውም ቤት ተሠርቶበታል። እማየ ብቻ ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍታ ደመናውን ታያለች፤ ዛሬም የሚበር ሰው ያላት ይመስል።

ለሙት ዓመትዎ ነገሩን ላስተካክል ብዬ ከወንድሜ ጋር እማማ ስንዱ ቤት ሄድን። የአብራሪ ሙሾ አታውቅም። አውሬ ገድለዋል ወይ፣ ጠላት ጥለዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ መድኃኒትና ሕመምተኛ ነበር የሚያመላልሱት ስላት አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ታዲያ ጀግንነታቸው የቱ ላይ ነው አለችኝ።

ያን የጭጋግ ቀን ነገርኳት። ምጥ የጠናባትን ሴት ሊወስዱ መጥተው፣ ሜዳው ሳይታይዎት እንደምንም አረፉ። ሲወርዱ እማየ ከሰጠችዎት ውሃ ግማሹን ከፍርሃት የተነሣ ደረትዎ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ሴትዮዋን ጭነው በዚያው ጭጋግ ተነሡ።

ወንድሜ ተቆጣ። አባታችንን ባደባባይ ፈሪ ልታሰኚያቸው ነው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ፈረሱ ይበቃል አለኝ። እኔም አልተውኩትም፤ ሰው አባቱን እንዴት በማያውቁት ነገር ያስመሰግናል?

እማማ ስንዱ ግን፣ «ታዲያ እየፈሩ ተመለሱበታ» አለች።

በሙት ዓመትዎ ይህንኑ ታወርደዋለች። እሷ ብትተወው እኔ ሴት ልጅዎ መሀል ቆሜ እናገረዋለሁ፤ ወንድሜ ያሻውን ያኩርፍ። በሕይወት እስካለሁ የማስብዎት እንደዚያች ቀን ነው፤ ደረትዎ በውሃ ርሶ፣ ወደ አውሮፕላኑ ሲመለሱ።

ልጅዎ የሺ