የልብስ ሰፊዋ አዲስ ልጅ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው? ሳሉስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? አባዬስ ዓይኑን ታየ ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያለ ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ደህና ነኝ ያልኩሽ ስለ ጤናዬ ነው። ሆዴ ግን እርር ድብን ብሏል፤ ያሳረረችኝም ያቺ ልጅሽ ሚጣ ናት።

እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስኖር አምስተኛ ዓመቴ ነው። ሆቴል ቤት አንሶላ ስተኩስ ውዬ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ያገኘሁትን ጎረቤት ሁሉ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። እነሱም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በራቸውን ይዘጋሉ። የአገሩ ሰው ጠባዩ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ታናሼ ከመጣች ግን ገና መንፈቅ አልሞላትም፣ ሕንፃው በሙሉ ዘመዷ ሆኗል። ቧንቧ ሠራተኛው እንኳ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ ሚጣ፣ ሚጣ እያለ ይጣራል። እኔን ግን ማን እንደምባል ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሁሉ ያንጨረጨረኝ የልብስ ሰፊዋ ነገር ነው። ከእኛ ቤት ሥር ብቻዋን የምትኖር፣ በዕድሜ አንቺን የምታህል ሴት ናት፤ ስትስቅም እንዳንቺ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አትቀየሚኝና፣ ምነው ይህቺን ሴት እንደ እናት ባገኘኋት እያልኩ ስመኝ ነው የኖርኩት። አሁን ሚጣ ከዳቦ ቤት ሥራዋ እንደወጣች የምትገባው እሷ ዘንድ ነው። እኔ እራቴን ብቻዬን እየበላሁ ሳቃቸውን ከወለሉ ሥር እሰማለሁ። መቅናት ነውር ነው ትይኛለሽ፣ አውቃለሁ። ቀናሁ፣ ምን ላድርግ!

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ከኋላዬ ልጄ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በአማርኛ እኮ ነው፣ እማዬ! እኔን መስሎኝ ዞር ብል ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የምትጠራው ግን እኔን ሳይሆን ከሥራ እየገባች ያለችውን ሚጣን ነው። ቃሉን ያስተማረቻት ራሷ ሚጣ ናት። ቤት እንደገባን ሚጣን ይዤ፣ ምን አስነክተሻት ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ነይ ብይ ስትለኝ እሺ ብዬ ገብቼ በላሁ፣ ሌላ ምንም የለም አለች። በመጀመሪያው ጥሪ! ዓይን አውጣ! ሴትየዋ እኮ እኔንም ስንቴ ነይ ብላኛለች። እኔ ኧረ በቅቶኛል፣ አሁን በላሁ እያልኩ፣ በሞቴ እስክትለኝ ድረስ ስጠብቅ ኖርኩ። እነሱ ዘንድ በሞቴ የሚባል ነገር የለም፤ አይ ካልሽ አይ ነው። ሴትየዋም ይህቺ ሰው አትወደኝም ብላ ተወችኝ። ይኸው ይሉኝታ ጦሜን አሳደረኝ። ሰው ቤት ገና እጃችንን ስንዘረጋ ጭናችንን ትቆነጥጪን አልነበር? ሚጣ ላይ ስትደርሺ እጅሽ ደክሞ ነው መሰለኝ።

እሑድ ሚጣ ሥራ ሄዳ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ምግብ በሳህን ይዛ ቆማለች። ጉደኛው አፌ ቀደመኝና፣ አይ፣ አመሰግናለሁ አለ። እሷም እሺ ብላ ሳህኗን እንደያዘች ወረደች። በባዶ እግሬ ተከትያት ሮጥኩና፣ እበላለሁ፣ ርቦኛል ብዬ በቋንቋቸው ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፈተ። ሴትየዋ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ጨመረችልኝ፣ እሺ አልኩ፤ ደግማ ጨመረችልኝ፣ አሁንም እሺ። የቀሚሴ ጫፍ ተተርትሮ አይታ እዚያው ሰፋችልኝ። ስወጣ አሁንስ ልጄ ትለኛለች ብዬ በሩ ላይ ጥቂት ቆየሁ። ደህና ዋይ፣ የሚጣ እህት ብላ ሸኘችኝ።

ሚጣን እንዳትቆጪያት፣ ጥፋት የለባትም። ለአባዬ ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት ካልሄደ እንደማኮርፈው ንገሪልኝ። ወንድም ጋሼን ከነባለቤቱ፣ አክስቴንም ከነጨዋታዋ ሰላም በይልኝ። ሚጣ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ እጅ አላት፣ ራሷ ትጻፍ። አንቺም ስትደውዪ ገና ሃሎ ከማለቴ ሚጣ እንዴት ናት ነው የምትይኝ። እባክሽ እማዬ፣ መጀመሪያ እኔን ልጄ በዪኝ፤ ሚጣን ከዚያ በኋላ ትጠይቂኛለሽ።

የበኩር ልጅሽ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን