ንጉሡ ይቅርታ የሚጠይቅበት ፊልም

ክርያት ሐይም፣ ማርች 2007

ውድ ወንድሜ ያረጋል፣

«አትስጊ፣ የድሮ ፊልም መጨረሻው አይለወጥም» አሉ አንድ ሽማግሌ ለሚስታቸው፣ ክርያት ቢያሊክ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ የቅናሽ ዲቪዲ ከተከመረበት ቅርጫት አጠገብ። ሽማግሌው ነጭ ጢም ነበራቸው። እኔ ደግሞ ነጭ ጢም ያለው ሰው ሲናገር አምናለሁ። ስለዚህ ዲቪዲውን ገዝቼ በአውቶቡስ ወደ ቤት መጣሁ። ይህን የምጽፍልህ ሽማግሌው መሳሳታቸውን ላስታውቅህ ነው።

የገዛሁት የዘንዶውን ፊልም ነው። ሽማግሌው ንጉሥ፣ ከቤት የሚኮበልለው ልዑል፣ የብረት ድልድዩ፣ ከአፍንጫው እሳት የሚተፋ፣ ሲራመድ ግን እንደ ካርቶን የሚንኳኳው ዘንዶ። መቼም አልረሳኸውም። ያዘዙኝ አባባ ናቸው። የቪዲዮ ማጫወቻችን ከሞተ ወዲህ «ያን ንጉሡ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ፊልም ፈልጊልኝ» ሲሉኝ ከረሙ። አባባ ነገር የሚለምኑ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለህ። ሲጠማቸው እንኳ «በዚህ አገር ውሃ አለ እንዴ?» ነው የሚሉት።

የድሮውን ካሴት የሰጠችን የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋሊና ነበረች። ቤት ስትለቅ አንድ ካርቶን ሙሉ ፊልም በራችን ላይ ትታልን ሄደች፤ ሁሉም በሩሲያኛ። ንጉሡንም፣ ልዕልቲቱንም፣ ዘንዶውንም ሆኖ የሚናገረው አንድ አፍንጫው የተደፈነ ሰውዬ ነበር። ልዕልቲቱ ስታለቅስ እንኳ እሱ የአየር ትንበያ የሚያነብ ይመስል ነበር። አንተ ባሕሩ ዳር ከሩሲያ ልጆች ጋር ኳስ ትጫወት ስለነበር ሩሲያኛ እንደምትችል በቤቱ ተወሰነ። ማንም አልጠየቀህም፤ አንተም አልካድክም። በዐሥራ አንድ ዓመትህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ፣ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ፣ እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሥራህን ጀመርክ።

«አሁን ምን አለ?» ይሉሃል አባባ።

«ዘንዶውን ሳልገድል እህል አልቀምስም አለ።»

እማዬ ግን ተጠራጣሪ ነበረች። «ይሄን ሁሉ ለፍልፎ ይቺን ብቻ ነው ያለው?»

«ሩሲያኛ እንዲህ ነው፣ እማዬ። ብዙ ይወራል፣ ትንሽ ይባላል።»

«ምስኪኖች» አለች እማዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሩሲያውያን በጣም ታዝንላቸዋለች።

ባለፈው ማክሰኞ አባባ ከሥራ ሲመለሱ ዲቪዲውን ከፈትኩላቸው። ከሥሩ የዕብራይስጥ ጽሑፍ አለው። የአባባ ዕብራይስጥ ለአውቶቡስና ለገበያ ይበቃል እንጂ ሩጫ ላይ ያለ ፊደል አይደርስበትም። ስለዚህ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቃል በቃል መተርጎም ጀመርኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ተርጓሚ ታማኝነት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬአለሁ። እንዳንተ ስላለው ሰው ግን ምንም አልተነገረንም።

ወንድምዓለም፣ ምን ነበር ያደረግከው? ልዑሉ የኮበለለው የጠፋች እናቱን ፍለጋ አይደለም፤ አንዲት ጠንቋይ ወድዶ ነው። ዘንዶው በእርግማን የተለወጠ አጎቱ አይደለም፤ እንዲሁ ዘንዶ ነው። ባለ አንድ ዓይኑ ሎሌም የጎንደር ሰው አይደለም። ያን ሰውዬ በምን አፍ ጎንደሬ ነው ብለህ እንዳሳመንከን ዛሬም አልገባኝም።

«ተሳስተሻል» አሉኝ አባባ።

«አባባ፣ እዚህ ተጽፏል እኮ።»

«እንግዲያው የጻፈው ሰው ተሳስቷል። ያረጋል እንዲህ አላለም።»

በሦስት ዓመት ውስጥ በዚህ ቤት ስምህን ሲጠሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መተርጎሜን ቀጠልኩ።

ድልድዩ ላይ ደረስን። አባባ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳብ አደረጉ። ያኔ ፊልሙን መጀመሪያ ባየንበት ሳምንት፣ ትምህርት ቤት ቀረህ ብለው ሰፈሩ ሁሉ እያየ ኳስህን በቢላዋ እንደተረተሩት ታስታውስ ይሆናል። እኔ የማስታውሰው ንጉሡ ድልድዩ ላይ ቆሞ በአንተ አፍ የተናገረውን ነው፤ አባባም በማግስቱ አዲስ ኳስ ይዘው መጥተው፣ ያለ አንዲት ቃል በሩ ሥር አስቀምጠውት መሄዳቸውን።

አሁን ንጉሡ አፉን ከፈተ። ከሥሩ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ይህን ከሃዲ ያዙልኝ! ጭንቅላቱን ድልድዩ ላይ ስቀሉት!»

አባባን አየኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። የጽዳት መድኃኒቱ ጣቶቻቸውን ሰነጣጥቋቸዋል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርኩትን እዚያው ተውኩት።

«ልጄ ሆይ» አልኩ፣ «ያን ቃል የተናገርኩህ በንዴት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እያየ አዋርጄሃለሁ። ተመለስ።»

ንጉሡ አረፋ እየደፈቀ ሰይፉን ይወዘውዛል። አባባ ግን ሰይፉን አላዩትም።

«ንጉሥ ሆኖ እንኳ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ልጁስ? ልጁ ምን ብሎ ነበር የመለሰው?»

ይሄን ረስቼዋለሁ። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ወንዙ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ከውሃ ድምፅ ደግሞ ብዙ የሚተረጎም ነገር አይገኝም። «ዲስኩ ተጭሯል» ብዬ አጠፋሁት።

ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ስገባ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። አንተ ሩሲያኛ አትችልም። ችለህም አታውቅም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፋብሪካው አባባን ከማሽኑ አንስቶ ወደ ጽዳት ሊያዛውራቸው ሲል ምን እንዳሉህ ትዝ ይለኛል። «እሑድ አብረኸኝ ና። አለቃውን አናግርልኝ፤ ከእኔ አፍ ያንተ ይሻላል።» እዚያ የሚሠራው ሰው ግማሹ ሩሲያዊ ነው፤ አባባም ስለ ሥራቸው ሲያወሩ «ሩሲያውያኑ» እያሉ ነው። በዚያው ሳምንት ሰሃን እያጠብኩ መጥተህ «ሩሲያኛ በሳምንት መማር ይቻላል?» አልከኝ። «አንተ ነህ ይሄን የምትጠይቅ?» አልኩህ። ሳቅክ፤ እኔም ሳቅኩ።

እሑድ ጠዋት ደረጃው ላይ «አልሄድም» አልክ።

«ሥራ አለህ?» አሉህ አባባ።

«የለኝም።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«እንግዲያው አፍረህብኝ ነው።»

«አልችልም አልኩህ እኮ፣ ዳይ!» ብለህ ጮህክ። በዕብራይስጥ «በቃ» ማለትህ ለአባባ ምንም አልነበረም፤ «አንተ» ስትላቸው ግን የመጀመሪያህ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ እየሰማ «እንዳንተ ያለ ልጅ የለኝም» ብለው ብቻቸውን ወረዱ። በሳምንቱ አንተ ኤላት ወርደህ ሆቴል ሥራ ገባህ፤ እሳቸው መጥረጊያ ያዙ። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው እሳቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። በቱታቸው አፍረህ፣ በአነጋገራቸው አፍረህ መስሎን ነበር። ያፈርከው በጋሊና ካሴት ነው፤ አለቃው ፊት የምታወጣው ሩሲያኛ አልነበረህም።

እና ለፋሲካ ና። ለፋሲካ ኤላት እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ ከግብፅ የወጣንበትን ቀን ለማክበር ሕዝቡ ሁሉ ወደ ግብፅ ድንበር ይወርዳል። አንተ ግን ፈቃድ ጠይቅ። ሩሲያኛ አለመቻልህን እኔ ለአባባ አልነግራቸውም። ብትፈልግ አንተው ትነግራቸዋለህ፣ ባትፈልግም ይቅር። ልዑሉ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን መጥተህ መተርጎም አለብህ፤ እየጠበቁ ነው። ከሥር ያለውን ጽሑፍ አጠፋልሃለሁ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው ቦታህም እንዳለ ነው፤ እማዬ አበባ አስቀምጣበት ነበር፣ አንስቼዋለሁ።

በናፍቆት፣
እህትህ አስካለች

ፖስታውን ሳላሽግ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ አባባን «ያ ሩሲያዊ አለቃዎ አሁንም አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የቱ ሩሲያዊ?» አሉኝ። አለቃው ያኔም አሁንም ኢታይ የሚባል ነው። ክርያት አታ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም።