ከጎሊና ወዲህ ብቻቸውን የኖሩት እናት፦ ወ/ሮ ትርንጎ በርሄ (1967–2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ትርንጎ በርሄ ከአባታቸው ከአቶ በርሄ ገብረ መድኅንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተ ብርሃን ካሕሳይ በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በዋጃ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከደቡብ ትግራይ ወርደው በእህልና በጨው ንግድ የሚተዳደሩ፣ ትግርኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ወ/ሮ ትርንጎ ለቤቱ ሁለተኛ ሴት ልጅ ሲሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩትን የማይረሱ፣ ከያዙት አቋም የማይነቃነቁ ግትር እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። በቀብር ላይ ሟችን ማመስገን ወግ ነውና ግትርነታቸውን ጽናት ብለን ብንጽፈው ያምር ነበር። እሳቸው ግን ቢሰሙ አይወዱትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዋጃ እስከ ስድስተኛ፣ በአላማጣ ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በጥር ወር 1987 ዓ.ም. ከሮቢት ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ይኖሩ ከነበሩት አርሶ አደር ከአቶ ክብሮም ደስታ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ታላቅ እህታቸው በዚያው ሰሞን ወደ ቆቦ ከተማ አገቡ። ሁለቱን እህትማማቾች የሚለያያቸው የጎሊና ወንዝ ብቻ ነበር፤ በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ግን ሰውም ከብትም የሚወስድ ደራሽ ውሃ ነው።

አምስት ዓመት ደጅ ከጠኑ በኋላ በሰኔ ወር 1992 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። በዚያው ሳምንት ታላቅ እህታቸውም ቆቦ ላይ ሴት ልጅ ተገላገሉ። ሐምሌ ሲገባ በአገሩ ሳል ገባና ሁለቱንም ሕፃናት ያዛቸው። የቆቦዋ ልጅ በጃንጥላ ተሸፍና ጤና ጣቢያ ተወሰደች፤ መድኃኒት ተሰጥቷት ለምሳ ቤቷ ገባች። የመንደሩ ልጅ ግን ትንፋሹ ማጠር፣ ጎኑም ስርጉድ ስርጉድ ማለት ጀመረ።

በመንደሩም በአቅራቢያውም ሕክምና አልነበረም። ያለው ከወንዙ ማዶ ቆቦ ላይ ነው፤ ወንዙም ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ወ/ሮ ትርንጎ ውሃው ጎደል ሲል ልጁን ታቅፈው ለመሻገር ተነሱ። የቤቱ ሰው ግን በአንድ ቃል ከለከላቸው። አራስ ክርስትና ሳታስነሳ ከቤት አትወጣም፣ ወንዝም አትሻገርም። ከዚያ ይልቅ ያስጨነቃቸው ልጁ አርባ ቀኑን ሳይደፍን፣ ሳይጠመቅ እንዳይሞት ነበር። አማታቸው፣ “አስቀድሞ ክርስትናውን ያግኝ፤ ሐኪሙ እንደሆን የትም አይሄድ” አሉ። አቶ ክብሮም ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ከእናታቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። አራሲቱ በወጉ መሠረት እቤት ቀሩ። ካህኑ ልጁን አጥምቀው ወልደ ገብርኤል አሉት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አረፈ። ሌላ ስም ገና አልወጣለትም ነበር።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የቤቱ ሰው የሚያምነውን ነገር ለሚወደው ልጅ አላስቀረበትም። ነገር ግን የቆቦዋ ሕፃን አያቶችም ያንኑ ያምኑ ነበር፤ ጤና ጣቢያው በደጃቸው ስለሆነ ብቻ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም አንዱን መምረጥ አላስፈለጋቸውም። ያቺ የዳነች ሕፃን ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሃና ናት። ወ/ሮ ትርንጎ ሃናን ባዩ ቁጥር ትከሻዋን ይዘው ያቆሟትና ቁመቷን በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ትምህርት ስትጀምርም፣ ስትመረቅም፣ ስታገባም እንዲሁ አደረጉ። ምን እንደሚለኩ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ስታድግ ራሷ ገባት።

በ1995 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው ዳናይት ተወለደች። እሷም ደረቷ ደካማ ነበር፤ ብርድ በመታት ቁጥር ትንፋሿ ያጥራል። ወ/ሮ ትርንጎ ሁለተኛ ክረምቷ ሳይመጣ ልጃቸውን አዝለው ቆቦ ገቡ፤ ከጤና ጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አቶ ክብሮም መሬታቸውንና ከብቶቻቸውን ጥለው ሊከተሏቸው አልቻሉም። ወ/ሮ ትርንጎም አልተመለሱም። ባልና ሚስቱ አልተጣሉም፣ አልተፋቱም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ግን በአንድ ጣራ ሥር አላደሩም። አቶ ክብሮም በገበያ ቀን ጤፍና እሸት ማሽላ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጃቸውን አጫውተው ከብቶቹ ጠባቂ የላቸውም ብለው ሳይመሽ ይመለሳሉ። ዘመድ ሁሉ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” እያለ ሁለቱንም ያማ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በዚያች መንደር ጤና ኬላ ተሠራ። ለወ/ሮ ትርንጎ ሲነገራቸው “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ቆቦ ላይ ሆስፒታል ሲከፈት ደግሞ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደዚያው ተጠጉ፤ በሻይና በአምባሻ ሽያጭ ዳናይትን አሳደጉ። ከዞብል ተራራ ግርጌና ከቆላው ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶች ማደሪያ አጥተው በሆስፒታሉ አጥር ሥር ሲኮለኮሉ አይተው የኋላውን ክፍል ለቀቁላቸው። ክርስቲያን ይሁኑ እስላም፣ አፋርም ቢሆኑ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?” ይሉ ነበር፣ ደግሞም በቁጣ። ብዙ እናት በዚህ ቃል አልቅሳለች። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ሰይዳ አንድ ቀን ስለ አንዲቱ እናት “ትርንጎዬ፣ እሷ ምን ታድርግ? መንገዱን ጠይቂው እንጂ” ብለው ቢገሥጿቸው፣ ተነሥተው ለልጇ ወተት አሞቁ። ከዚያ በኋላም ቁጣው አልቀረም፤ ወተቱም አልቀረም።

በጦርነቱ ጊዜ መብራትና መድኃኒት ሲጠፋ ከቤታቸው አልወጡም። ልጅ የታመመበት የከተማ ሰው መድረሻ አጥቶ ሲንከራተት አይተው፣ “ዘንድሮ ሁላችንም ገጠር ገባን” ብለዋል።

ዳናይት አድጋ፣ ድና፣ ተምራ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ይዛ ሀዋሳ ሄደች። ሁሉን የተዉት ልጃቸው እንድትኖር ነበርና የልባቸው ደረሰ፤ ቤቱ ግን ጭር አለ። እንግዶቹም ቢሆኑ ልጅ ሲድን ይሄዳሉ። ወ/ሮ ሰይዳ እንደሚሉት፣ ወ/ሮ ትርንጎ የዳነ ልጅ የሸኙ ዕለት ክፍሉን ጠርገው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያመሹ ነበር። ደስ ይላቸዋል፤ የሚያወሩት ሰው ደግሞ የለም። ብቸኝነታቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ እኛም ደውለን “ደህና ነኝ” ሲሉን አምነናቸው ስልኩን እንዘጋ ነበር።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አገኛቸው። ሆስፒታሉ ከደጃቸው ሆኖ ሳለ ሕክምናቸውን በአግባቡ አልተከታተሉም። መስከረም ላይ ሲብስባቸው አቶ ክብሮም ከብቶቻቸውን ለጎረቤት ሰጥተው መጡና እዚያው አደሩ። ስለ ሟቹ ሕፃን በሁለቱ መካከል ቃል የተነገረው ያኔ ብቻ እንደሆነ አቶ ክብሮም ራሳቸው እንዲጻፍ ፈቅደውልናል። እሳቸው “ያን ቀን ወደዚህ ይዤው መምጣት ነበረብኝ” አሉ። ወ/ሮ ትርንጎም፣ “ባይጠመቅስ ኖሮ ማን ብዬ እጠራው ነበር?” አሉ። አቶ ክብሮም የጤፉ አጨዳ ደርሶባቸው ወደ መንደር በወረዱ ማግስት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ወ/ሮ ትርንጎ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አርፈው ያገኘቻቸው በኋላው ክፍል ልጇን የምታስታምመው ሱዓድ ናት።

ወ/ሮ ትርንጎ ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ ሁልጊዜ ሁለት ይሉ ነበርና እኛም የሁለት ልጆች እናት እንላቸዋለን፤ በሕይወት ያለችው ዳናይት ናት። ባለቤታቸው አቶ ክብሮም፣ ታላቅ እህታቸው፣ የእህታቸው ልጅ ሃና፣ እንደ እህት የኖሯቸው ወ/ሮ ሰይዳም ሐዘንተኞች ናቸው። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም ያሳያቸው።

ለቅሶው የሚቀመጠው በሟች ቤት ሳይሆን በወ/ሮ ሰይዳ ግቢ ነው። እንዲህ እንዲሆን ያዘዙት ራሳቸው ወ/ሮ ትርንጎ ናቸው። የሱዓድ ልጅ መርፌውን አልጨረሰም፤ ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶታል። እባካችሁ በሟች ደጅ ስታልፉ አታልቅሱ።