ደረጃው ላይ የቀረው ኮፍያ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፤

የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ከዚህ ቤት የወጣ ከባድ ዜና፦ ውሻችን ዳኛ ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አኝኮ፣ መጀመሪያ ድምፁን ዘጋ፤ ቀጥሎ የድምፁን ቁልፍ ዋጠ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ላይ ያለው ቁልፍ ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉት ቤታችን ዲዳ ሆነ። ሟቹ ሪሞት በክብር ቅርጫት ውስጥ ዐርፏል። ዳኛ ደኅና ነው፤ ጸጸት አይታይበትም። እንደምታውቂው ዳኛ ብለን የሰየምነው አፍንጫው ሥር የሚፈጸም ጥፋት ስለማይታየው ነው፤ የራሱም ጭምር። ይህን ዜና እንደ ቀልድ እንዳታልፊው። ቀጥዬ የምጽፍልሽ ሁሉ የመጣው ከዚያች ቁልፍ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ከረምሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እንቅልፍ የሚባል ነገርስ ታውቂያለሽ ወይስ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያነበብሽው? እኔ እንደ ዕድሜዬ አለሁ። ያ የኩላሊት ማሽን ደሜን አጥቦ ይመልስልኛል፤ «ካጠባችሁት አይቀር ተኩሳችሁ ብትመልሱልኝ ምን አለበት?» እላቸዋለሁ ነርሶቹን። በየካቲት ቀኖቹን ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ነበርና አልተለወጡም፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። አባትሽ ከሌሊት ፈረቃው በቀጥታ መጥቶ ያደርሰኛል፤ ከዚያ መጠበቂያው ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ይተኛል። አንድ ቀን በሽተኛው እሱ መስሏቸው የደም ግፊቱን ለክተውታል። ከእኔ የባሰ ሆኖ ተገኘ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ወሬዬን ስለምረሳ ነው።

የቅርጫት ኳስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ምሽት እንደ ወትሮው ምድር ቤት ተሰበሰብን። በሊጉ ከታች የተኛ ቀድሞ ይመርጣል፤ የእኛ ቡድን ደግሞ መተኛት ያውቅበታል። ክረምቱን ሙሉ ተሸንፈን ተሸንፈን ሦስተኛውን ተራ አግኝተናል። ፀጉር አስተካካዩ ኮርኒሊየስ ሽርጡን ሳያወልቅ መጣ። ጎረቤታችን ኧርሊን የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ይዛ መጣች። አንቺ ብቻ ከዚያ ከምትማሪበት ከተማ አልመጣሽም።

ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ያ የመጨረሻው ደረጃ ያንቺ ነበር። የመረጥነው ልጅ ስም ሲጠራ እንደ ተመራጩ የቡድናችንን ኮፍያ አናትሽ ላይ ደፍተሽ ትወርጂና እኔን፣ የሊጉ አለቃ ነኝ ባዩን፣ ትጨብጪኛለሽ፤ ኧርሊን ፎቶ ታነሳለች። ዘንድሮም ኮፍያውን እዚያው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። አባትሽ ሲወጣም ሲወርድም ተሻገረው እንጂ አላነሳውም። ኮርኒሊየስ መላጣውን ሊሸፍንበት ቢሞክር ግን «ከነበረበት መልስ!» ብሎ ጮኸበት።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። በፋሲካ ማዕድ ላይ ያንን ስመ ጥር የሕክምና ትምህርት ቤት ትቼ ለመጪው ዓመት እዚሁ ከተማችን ያለውን ትንሹን መርጫለሁ ካልሽ ወዲህ ስምሽ እንደ ፍም ሆኗል፤ እሱ ፊት ማንም አይነካውም። አንድም ቀን እንዳልደወለልሽ አውቃለሁ። የሌሊት ፈረቃ የገባው ለዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ብሎ ነበር። ዛሬ ለየትኛው እንደሚሠራ የጠፋበት ይመስላል።

እንግዲህ ዲዳው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ሦስተኛው ተራ ደረሰ። ያ ዛፍ የሚያክለው ቴረል፣ ዓመቱን ሙሉ በሕልማችን ያየነው ልጅ፣ ተነሥቶ ኮፍያችንን አደረገ! ምድር ቤቱ ተናወጠ። ኮርኒሊየስ ኧርሊንን ብድግ አደረጋት፤ እሷም «አውርደኝ አንተ ሰውዬ! ወገብህ ሲቀነጠስ በእኔ ልታሳብብ ነው!» እያለች ትከሻውን ደበደበችው። ዓሣው ተገለበጠ፤ ዳኛ ያለ ምንም ተቃውሞ ወሰነበት። እኔ ራሴ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ድምፅ ቢኖር ኖሮ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ የሚለውን እንሰማ ነበር። እኛ የምናየው ኮፍያውን ብቻ ነው። በመጨረሻ ኧርሊን መነጽሯን እየጠረገች «ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ምን ይላል?» አለች። አባትሽ ቀስ እያለ አነበበው። የቡድናችን ሰዎች ቴረልን ወዲያው ለሌላ ቡድን ለውጠውታል። በእሱ ፈንታ አሥራ አንደኛውን ተራና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚደርስ ሌላ የመምረጫ ተራ ተቀብለዋል።

ልጁ ግን አሁንም ኮፍያችንን እንዳደረገ ይስቃል።

«ከአምስት ዓመት በኋላ?» አለ ኮርኒሊየስ፤ «ያኔ የምንመርጠው ልጅ እኮ አሁን ድምፁ እንኳ አልጎረነነም!» እኔም ግድ የለም፣ ያኔ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ ብል፣ ኧርሊን «ወደ ላይ ነው የምትሄደው ያለህ ማነው?» አለችኝ። ሳቅን፤ ግን ሳቃችን ሩቅ አልሄደም። መናደድ ጉልበት ይጠይቃል ልጄ። ነገ፣ ነገ ሲሉን አርጅተናል።

አባትሽ ብቻ ጉልበት ነበረው። ብድግ ብሎ ስክሪኑ ላይ ጮኸ፦ «እጅህ የገባውን ትልቅ ነገር በትንሽ የምትለውጥ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ? ስንት የተለፋበትን! አንድ ቃል እንኳ ሳታማክር!» የቡድናችን ኃላፊ መቼ አማክሮን ያውቃል? ሁላችንም ለማን እንደሚጮኽ ገብቶን ሳህን ሳህናችንን አየን።

አሥራ አንደኛው እስኪደርስ የቆየነው ለተረፈው ዓሣ ስንል ነው። ብቅ ያለው ስሙን ሰምተነው የማናውቅ፣ ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የመጣ፣ ሱፉ የተዋሰው የሚመስል ልጅ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ባለ ከዘራ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አቀፈው። ተንታኙ አፉን ከፍቶ ያወራል። ጎማ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መካከል ያረጀ ሰው ከንፈር ማንበብ ይችላል አልኳቸውና ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ ተረጎምኩላቸው፦ «ትልልቆቹ ኮሌጆች ሁሉ ጠርተውት ነበር ይላል። ያሳደገው አያቱ ታሞበት፣ ጥዬው አልሄድም ብሎ ሰፈሩ ቀረ ይላል። ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረም፤ ሽማግሌው ሸክም ሆንኩ ብሎ እንዳያዝን ነው ይላል።»

«ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ?» አለ ኮርኒሊየስ። ፈጣን ተናጋሪ ነው አልኩት።

አባትሽ ቁጭ አለ። ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ ክንዴ ላይ ያለውን ፋሻ አየ። በዝግታ «አያትየው ያውቃል?» አለኝ።

ያውቃል አልኩት። እንዴት አድርጎ እንደሚያመሰግን ነው የጠፋው።

አባትሽ ተነሥቶ ኮፍያውን ከደረጃው አነሣ። አቧራውን በክርኑ ጠረገና የጓሮው በር አጠገብ፣ የመኪናው ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ሰቀለው። ጀርባውን እንደሰጠኝ «በፖስታ እንዳትልክላት፤ ራሷ መጥታ ትውሰደው። እሑድ ዓሣ አለ በላት» አለ። ኮርኒሊየስ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት ኧርሊን የበቆሎ ዳቦ ሞላችበት።

እንግዲህ መልእክቴን አድርሻለሁ። መንገዱ ይቅናሽ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን፤ አንቺም ስታረጂ እንዳንቺ ያለ፣ ትልቁን በትንሽ የሚለውጥ አይጥፋብሽ።

አያትሽ፣ የሊጉ አለቃ

ደግሞ ይህን ሳልነግርሽ ደብዳቤውን ባሽገው እንቅልፍ አይወስደኝም። ከንፈር ማንበብ አልችልም። ጎማ ፋብሪካ የተማርኩት በጩኸት መካከል መተኛት ነው። የአያቱን ነገር ከራሴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት። ኮርኒሊየስ በማግስቱ ከጋዜጣ እንዳነበበው ልጁ ትንሿ ኮሌጅ የገባው ሌላ የጠራው ስለሌለ ነው፤ ባለ ከዘራውም አሠልጣኙ ነው። ኮርኒሊየስ ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ አባትሽ ፀጉሩን ሊቆረጥ እዚያው የኮርኒሊየስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ሰማ።

ኮፍያው ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው።